ላልተፀነሰ ልጅ መክሳት

በእኛ አገር ሴት የምትከሳበት ምክንያት የታወቀ ነው። ወይ ታማለች፣ ወይ ባሏ አስመርሯታል፣ ወይ ቤቷ ጎድሏል። ዐቢይ ጾምም ያከሳል፤ እሱ ግን ፋሲካ ሲመጣ ይመለሳል፣ ማንም ለምን ብሎ አይጠይቅም። "ወደፊት ለማረግዘው ልጅ ብዬ ነው የምከሳው" ያለ ሰው ግን ፍኖተ ሰላም ላይ ከእኔ በፊት ያለ አይመስለኝም። እኔም ብሆን ጮክ ብዬ አላልኩትም። ሆዴ ውስጥ ደብቄው በዚያች ከተማ ዓመት ያህል ተንከራትቻለሁ፤ ዛሬም ሳስታውሰው ደሜ ይፈላል።

ጊዜው አገሩ ሁሉ አንድ ለአምስት የተደራጀበት ነበር። እኔ የጂኦግራፊ መምህርት ነበርኩ። ባለቤቴ የመንግሥት ሠራተኛ ነው፤ የወሩን ግማሽ አንዴ ሽንዲ፣ አንዴ ቡሬ፣ አንዴ ቋሪት እያለ በስልጠናና በስብሰባ ያሳልፋል። ከተጋባን ብዙ ቆይተን ነው የመጀመሪያውን ልጅ ያረገዝኩት። ሠላሳ ሦስት ዓመቴ ነበር።

ወንድ ልጅ ወለድኩ። አዋላጇ ሚዛኑ ላይ አስቀምጣው "አምስት ኪሎ ሊሞላ ምን ቀረው!" ስትል አጠገቤ የነበሩት ሴቶች እልል አሉ። ጉንጩ ሞልቶ ዓይኑን ሸፍኖት ነበር። ያየው ሁሉ "ወይ መታደል፣ የሦስት ወር ልጅ እኮ ነው የሚመስል" ይላል። በማግስቱ ረፋዱ ላይ መንቀጥቀጥ ጀመረ፣ ከቀትር በፊት ሞተ። ገና ሳይቀበር ምክንያቱ ተገኝቶለት ነበር፤ ዓይን በላው ተባለ። ያን የሚያህል ልጅ ለሰው ሁሉ ማሳየት አልነበረባችሁም እያሉ የወቀሱን እነዚያው እልል ያሉት ሴቶች ናቸው።

ሌላ ነገር የነገረኝ ከአንድ ወር ከመንፈቅ በኋላ ሆስፒታል ያገኘሁት ሐኪም ነው። ልጅ እግር ነበር፤ ሲናገር ጠረጴዛውን እንጂ ሰውን አያይም። "ልጁ የገዘፈው ጤና ስለበዛለት አይደለም" አለኝ። "በእርግዝናሽ ጊዜ ደምሽ ውስጥ ስኳር በዝቶ ነበር ብዬ እገምታለሁ። ከአንቺ ወደ እሱ ያልፋል፣ እሱም ይወፍራል። ሲወለድ ግን የለመደው ስኳር ድንገት ይቋረጥበታል።" ምን አጥፍቼ ነው ብዬ ጠየቅኩት። "ማንም ያጠፋው ነገር የለም፤ በአንዳንድ ሴት ላይ እርግዝናው ራሱ ነው የሚያመጣው። የሚቀጥለው ላይ እንዳይደገም ግን የምትችይውን ሁሉ አሁን አድርጊ፣ ሳታረግዢ።"

የሚደረገውን በወረቀት ጻፈልኝ። ክብደት መቀነስ። በየቀኑ በእግር መሄድ። ስኳርና ጣፋጭ መተው፣ እንጀራውን አሳንሶ ጎመኑንና ባቄላውን ማብዛት። በየሁለት ወሩ በባዶ ሆድ እየመጡ ደም መለካት። "ቁጥሩ ከመቶ በታች ወርዶ ሲረጋ ታረግዣለሽ፤ እስከዚያ መከላከያ ውሰጂ" አለኝ። ከክፍሉ ስወጣ ኮሪደሩ ላይ የተለጠፈውን ሁሉ አነበብኩ። ያረገዘች ሴት ምን ትብላ፣ ያረገዘች ሴት መቼ ትመርመር፣ የወለደች ሴት ልጇን እንዴት ታጥባ። ገና ስለምታረግዝ ሴት አንድ መስመር አልነበረም። ለተማሪዎቼ እንዲህ ያለ ፈተና ባወጣ ኖሮ ያልተማሩትን ጠየቅሽ ተብዬ እከሰስ ነበር፤ እኔን ግን ያላስተማረኝ አገር ሊፈትነኝ ተነሣ።

አማቴ ለልጁ ለቅሶ ከቋሪት፣ ከገበዝ ማርያም መጥተው አልተመለሱም። ባላቸው ከሞቱ በኋላ ቆብ የደፉ ሴት ናቸው፤ እማሆይ እያልን ነው የምንጠራቸው። እኔን ከዓይን ሊጠብቁ ነው የቀሩት። ሐኪሙ ያለኝን ነገርኳቸው።

"አርግዘሻል?" አሉኝ።

"አላረገዝኩም።"

"ታዲያ ይህ ሁሉ ለማን ነው?"

"ለሚመጣው ልጅ ነዋ፣ እማሆይ።"

አማተቡ። "ያልተፀነሰን ልጅ አንስቶ ማውራት ዓይንን በስሙ መጥራት ነው ልጀ። አደራሽን፣ ይችን ነገር ከዚህ ቤት እንዳታወጫት።"

ባለቤቴም እናቱን ደገፈ። ስለዚህ የማደርገውን ነገር ሁሉ ለምን እንደማደርገው ለማንም ሳልናገር ማድረግ ነበረብኝ። ፍኖተ ሰላም ውስጥ ይህ የማይቻል ነገር ነው። እዚያ አገር ሰው ጫማ ሲቀይር እንኳ ምክንያቱን ይጠየቃል።

መጀመሪያ በእግር መሄዱን ጀመርኩ። ትምህርት ቤቱ ከቤቴ አምስት ደቂቃ አይሞላም፤ ስለዚህ ማለዳ ተነሥቼ፣ እማሆይ የሚሰጡኝን ጠበል ጠጥቼ፣ አስፋልቱን ይዤ ወደ ቡሬ አቅጣጫ ፈጠን ፈጠን እያልኩ መሄድ ጀመርኩ። እጄ ላይ ምንም አልያዝኩም። ሴት ልጅ ባዶ እጇን በፍጥነት የምትሄድበት ቦታ አንድ ብቻ መሆኑን ረስቼው ነበር። በሦስተኛው ቀን ከኋላዬ የሰው ኮቴ ሰማሁ። ዘወር ስል አንዷ ጎረቤቴ ነጠላዋን አዘቅዝቃ ለብሳ እየሮጠች ትከተለኛለች፤ ከእሷ ኋላ ሌሎች ሁለት አሉ። ባጃጆቹ የሚቆሙበት ቦታ ላይ ደረሱብኝ።

"ማን ነው የሞተው?" አለችኝ እያለከለከች።

"ማንም አልሞተም።"

"እንዲህ ስትሮጪ? ትናንትም፣ ከትናንት ወዲያም?"

"ዝም ብዬ ነው የምሄደው።"

አንደኛዋ አልቅሳ ኖሯል፤ ዓይኗ ቀልቷል። አተኩራ አየችኝና "በከንቱ አስለቀስሽኝ!" ብላ ተቆጣች፤ ሰው ባለመሞቱ የተናደደች ሴት ያየሁት ያን ቀን ብቻ ነው። በማግስቱ ባዶ ጀሪካን ይዤ ወጣሁ። አንድ ባለ ጋሪ ፈረሱን አቁሞ "የእናንተ ሰፈር ቦኖ ተበላሸ እንዴ? ነይ ተሳፈሪ" አለኝ። አይ ስለው ቅር ብሎት ከጎኔ ከጎኔ በእርምጃ ነዳ፤ መምህርት በእግሯ ስትለፋ ጥሎ መሄድ ነውር ነው አለ። መጨረሻ ላይ ነጭ ነጠላ ለብሼ ወደ ቤተ ክርስቲያን የምሄድ መሰልኩ። በየማለዳው ቤተ ክርስቲያኑ በር ላይ ተሳልሜ አልፈዋለሁ፤ እግዚአብሔር ይቅር ይበለኝ፣ ዓላማዬ ከበሩ በኋላ ያለው ዳገት ነበር።

ከዚያ መክሳት ጀመርኩ፤ እውነተኛው መከራዬም ያኔ መጣ። ያ ጊዜ ሰው ከሳ ማለት አንድ ነገር ብቻ የሆነበት ጊዜ ነው። ስሙን አይጠሩትም፤ "ያ በሽታ" ይሉታል። በትምህርት ቤታችን የፀረ ኤድስ ክበብ ተጠሪዋ እኔው ነበርኩ። አንድ ቀን በእረፍት ሰዓት አብራኝ የምትሠራ የሒሳብ መምህርት ወደ መምህራን ማረፊያው ጥግ ሳብ አድርጋኝ፣ እኔው ራሴ ያባዛሁትን በራሪ ወረቀት እጄ ውስጥ ጨመረችልኝ። "ዘመኑ መድኃኒት አለው፤ ብቻሽን አትያዢው" አለችኝ። ዓይኗ እንባ አቅርሮ ነበር። ልትቀጣኝ ብትመጣ ኖሮ እጣላት ነበር፤ ልታዝንልኝ ነው የመጣች፣ ምን ይባላል?

"አልታመምኩም" አልኳት።

"ገባኝ" አለች፤ ምንም አልገባትም።

በሰፈሬ አንድ ለአምስት ስብሰባ ላይ ደግሞ የእኔ መክሳት አጀንዳ ሆነ። መሪያችን ሽንት ቤት ስለመቆፈርና ስለ ክትባት ከጨረሰች በኋላ "ልዩ ልዩ" በሚለው ሥር አነሣችው። አጠገቧ የተቀመጠችውን የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ ያኔ ተስፋ አድርጌ አየኋት። ስብሰባው ሲያልቅ ለብቻዋ ጠርቼ የስኳርን ነገር ጠየቅኳት፤ ከማርገዝ በፊት ስለ መዘጋጀት የምታውቀው ካለ። ደብተሯን ገልጣ ፈለገች፣ ልጅቷ ቅን ናት። "ይህ ከፓኬጁ ውስጥ የለም፤ ስኳር የከተማ ሀብታም በሽታ ነው ይላሉ" አለችኝ። እኔ በጥቅምት ደመወዝ ኅዳርን መድረስ ያቃተኝ ሴት በዚያች አንድ ነገር ሀብታም ሆንኩ።

ቡሬ የተወለድኩባት ከተማ ናት። ዘመድ ሠርግ ሆኖ ሄድኩ። ጾም ተፈትቶ ስለነበር ገበታው ሁሉ ቅቤ ነው። አክስቴ ገና ሳያዩኝ እጃቸው ውስጥ ጉርሻ ጠቅልለው ይዘዋል። "በቃኝ" አልኩ። ሰው ሁሉ ዞር ብሎ አየኝ። "ጉርሻና ፍቅር ሲያስጨንቅ ነው" አሉ አክስቴ፣ ሁለተኛውን እየጠቀለሉ። ሦስተኛው ላይ ተነሥቼ ወጣሁ። ከኋላዬ "ኮርታብናለች" የሚል ድምፅ ሰማሁ፤ ሌላው ደግሞ ድምፁን ዝቅ አድርጎ "ተይዋት፣ አንጀቷ ምግብ አይቀበልም አሉ" አለ። ከሁለቱ የትኛው እንደተሻለ እስከ ዛሬ አልወሰንኩም።

በቤት ውስጥ ግን አንድ ደጋፊ አገኘሁ፤ ያውም እማሆይን። እሳቸው ሐኪሙን ባያምኑትም ትእዛዝ ያውቃሉ። ስኳር ካልሽ ስኳር አይግባ ብለው የስኳር ቆርቆሮውን ከቤት አወጡት። እንግዳ ሲመጣ ሻዩን ባዶውን ያቀርባሉ፤ ስኳር ሲጠየቁ "ከቤታችን ወጥቷል" ይላሉ፣ ሰይጣን የወጣ ያህል ኮስተር ብለው። እንጀራዬን በግማሽ እያጠፉ ያስቀምጡልኛል። ዘጠኝ ኪሎ ቀነስኩ። ቀሚሶቼን ሁሉ አስጠበብኩ። ዳገቱን ሳላርፍ እወጣለሁ።

ቁጥሩ ግን አልወረደም። መጀመሪያ ስለካ መቶ ሃያ ስምንት ነበር። ከሁለት ወር በኋላ መቶ ሠላሳ አንድ። ከአራት ወር በኋላ ያንኑ ያህል። ሐኪሙ ወረቀቱን አየ፣ ሚዛኑን አየ፣ ለመጀመሪያ ጊዜ ፊቴን አየ።

"ክብደትሽ ወርዷል፤ ደምሽ ግን አልሰማም ብሏል። እስቲ እውነቱን ንገሪኝ፣ ምን ትበያለሽ?"

አንድ በአንድ ዘረዘርኩለት። ጠዋት ባቄላ ወይም እንቁላል፣ ምሳ ግማሽ እንጀራ በጎመን፣ ሻይ ያለ ስኳር፣ ጠላ የለም፣ ዳቦ የለም። እየጻፈ ሰማኝና "ይህን ከሆነ የምትበይው ይህ ቁጥር አይመጣም" አለኝ። ስንት ተማሪ ሲኮርጅ ይዤ "እውነቱን ንገረኝ" ብያለሁ! አንዱ እንኳ ሳይኮርጅ እንዲህ ብዬው ይሆናል ብዬ ያሰብኩት ያን ቀን ነው። "የሚቀጥለውም እንዲሁ ከሆነ የለየለት ስኳር ነው ብለን መድኃኒት እንጀምራለን፤ የልጁ ነገር ያኔ ይቆያል" አለኝ። ሠላሳ አራት ዓመቴ አልፏል። ይቆያል ማለት ይቀራል ማለት እንደሆነ እሱም ያውቃል፣ እኔም አውቃለሁ።

ባለቤቴ ከስልጠና ሲመለስ ነገርኩት። ሰለቸው መሰል "እንደው ተይውና እርገዢ፤ ቀሪውን እግዚአብሔር ያውቃል" አለ። የመጀመሪያውን የቀበረው እሱ ነው፤ ትንሿን ሳጥን በሁለት እጁ ይዞ የሄደው እሱ ነው። እንዴት ተይው ይለኛል? ያን ጊዜ ሳህን ወረወርኩ። እማሆይ ከጓዳ ወጥተው ስብርባሪውን ለቀሙ።

ሁለቱን ወር ከበፊቱ አብልጬ ጨከንኩ። ግማሹን እንጀራ ሩብ አደረግሁት። በተቀጠርኩበት ቀን ሆስፒታል የደረስኩት ከሁሉም በፊት ነው። ላቦራቶሪ ውስጥ ጣቴን የሚወጋኝ ልጅ የቄስ ልጅ ነው፤ ራሱም ዲያቆን ነበር፣ ነጭ ጋዎኑን ሲለብስ እንኳ እንደ ካባ ነው የሚያስተካክለው። ቁጥሩን አየና ከንፈሩን ነከሰ። መቶ ሠላሳ አራት።

"ምንም አልቀመስሽም?" አለኝ።

"ምንም።"

"ውሃም?"

ያኔ ፈነዳሁ። "ስንት ጊዜ ነው የምጠየቀው! ከትናንት ማታ ጀምሮ ከጠበል በቀር ጠብታ በአፌ አልዞረም!"

መርፌውን አስቀመጠ። "ጠበሉን በምን ነው የሚሰጡሽ?"

"እንዴት በምን?"

"እናቴ በጥቁር አዝሙድና በማር ነው የምትሰጠኝ። ያንቺስ?"

"በማር" አልኩ። "ሁለት ማንኪያ። በየቀኑ ማለዳ።"

"ዛሬም?"

"ዛሬም። ግን እኮ በባዶ ሆዴ ነው የጠጣሁት!"

አፌ ተናግሮ ጆሮዬ ሲሰማው ተራ በሚጠብቀው ሰው ሁሉ ፊት አፈርኩ። ልጁ ሊስቅ ፈልጎ ዲያቆንነቱ ከለከለው። ጠበል ለእኛ ምግብ አይደለም፣ መጠጥም አይደለም። ሰው ምን በላህ ሲባል ጠበልን አይቆጥርም፤ ሐኪሙ ምን ትበያለሽ ሲለኝ ስድስት ወር ሙሉ ያልቆጠርኩት ለመደበቅ አስቤ አይደለም። "በባዶ ሆድሽ ነይ" ሲለኝ ደግሞ ጠበል የሚጠጣውም በባዶ ሆድ ነውና ትእዛዙን እጥፍ ድርብ የፈጸምኩ ነበር የመሰለኝ። የዩኒቨርሲቲ ዲግሪ ያላት ሴት ነኝ። የዓለምን ካርታ ሰሌዳ ላይ በጠመኔ እሥላለሁ። ራሴን በጥፊ ማለት አማረኝ፤ ራስን መምታት ስለማይመች ግን ንዴቱን ይዤው ወደ ቤት ሄድኩ።

እማሆይ በረንዳ ላይ ተቀምጠው ባቄላ ይለቅማሉ፤ ለእኔው ምሳ ነው። ቆሜ ጮኽኩባቸው። "ምንድን ነው የምታጠጪኝ?" አልኩ።

አንቺ አልኳቸው። ባለቤቴን የወለዱ፣ ቆብ የደፉ፣ ጎረቤቱ ሁሉ ጉልበት የሚስማቸው ሴት ናቸው። ካፍ ከወጣ አፋፍ ነው፤ መመለሻ አጣሁና ባሰብኝ። ማሩን፣ ቁጥሩን፣ ስድስቱን ወር፣ ሩብ እንጀራዬን፣ ሁሉንም በአንቺ ጨረስኩት።

ሰፌዱን ከጭናቸው ላይ ቀስ ብለው አወረዱ። "ስኳር ነው እንጂ የተከለከልሽው ማር መች ተከለከልሽ?" አሉ። "ስሙ እኮ ማር ነው። የሚምር ነው እንጂ የሚገድል አይደለም።" እንደ ቅኔ አገር ሰው ነገር በቃል ያበረዱ መስሏቸው ነው። እኔ ግን ለቅኔ አልነበርኩም።

"ማርም ስኳር ነው! አንድ ነው! እንዲያውም ይብሳል!"

ድምፃቸው አንሶ "ያኔ እሱን አርግዘሽ ሳለሽ" አሉ፣ "ልጁ ይፋፋ ብዬ ከቋሪት ስልክልሽ የነበረው ማር..." አቋረጡ። በየወሩ በአውቶቡስ ሙሉ ገንቦ ይልኩልኝ ነበር፤ እኔም ስወድ በማንኪያ እየዛቅሁ እበላው ነበር።

"እሱን የገደልኩት እኔ ነኝ?" አሉኝ።

መልሱን አውቀው ነበር። ማንም ያጠፋው ነገር የለም፣ በአንዳንድ ሴት ላይ እርግዝናው ራሱ ነው የሚያመጣው፤ ሐኪሙ ይህንን ገና በመጀመሪያው ቀን ነግሮኛል። አይደለም እማሆይ ማለት ብቻ ነበር የሚጠበቅብኝ። አላልኩም። ስድስት ወር ሙሉ ሰው ሁሉ አይቶኝ፣ አምቶኝ፣ አዝኖልኝ፣ ተጠርጥሬ፣ ዋሽተሻል ተብዬ፣ ለመጀመሪያ ጊዜ ጥፋቱ የሌላ ሰው የሆነበት ቀን ነበር። ደስ አለኝ። ነውር ነው፣ ግን ደስ አለኝ። ዝም ብዬ ወደ ቤት ገባሁ።

በማግስቱ ጠዋት ጓዛቸውን ቋጥረው ወደ ገበዝ ማርያም ተመለሱ። ባለቤቴ ለሳምንታት አኮረፈኝ። ወደ ቋሪት ሥራ ሲሄድ ያያቸዋል፤ ሲመለስ እንዴት ናቸው ስለው "ደህና ናቸው፣ ትንሽ ከስተዋል" ይለኛል። ይቅርታ እልካለሁ እያልኩ ሳልልክ፣ እሄዳለሁ እያልኩ ሳልሄድ ጊዜው ነጎደ። ከሁለት ወር በኋላ ቁጥሩ ዘጠና ሰባት ሆነ፤ በሚቀጥለው ዘጠና ሦስት። ሐኪሙ "አሁን ትችያለሽ" አለኝ። መከላከያውን ተውኩ፣ በስድስተኛው ወር አረገዝኩ። በእርግዝናው ሁሉ ዳገቱን አልተውኩም፣ ጎመኑንም አልተውኩም፤ ሆዴ ገፍቶ ስለታየ አሁን የምሄድበትን የሚጠይቀኝ ሰው የለም፤ እርጉዝ ሴት መቼም አመሏ አይታወቅም ብለው ተዉኝ። ሴት ልጅ ወለድኩ። ሦስት ኪሎ ከትንሽ ነበረች፤ ማንም እልል አላለም፣ "ቀጭን ናት፣ ትሞላለች" ብለው አጽናኑኝ። በማግስቱ ረፋድ ላይ ዓይኔን ከእሷ ሳልነቅል ተቀምጬ ቀትር ሲያልፍ አየሁ። አልቅሼ አላባራ አልኩ።

ልጅቷ በተወለደች በሦስተኛው ሳምንት እማሆይ መጡ። ዓመት ከመንፈቅ በላይ አልተያየንም። ባዶ እጃቸውን ነበሩ። አራስ የሚጠይቅ ሰው በእኛ አገር ቢያንስ ዱቄት፣ ቢያንስ ቅቤ ሳይዝ አይመጣም፤ ከገጠር የመጣች አያት ባዶ እጇን ስትገባ ጎረቤቶቼ ተያዩ። ከበሩ አጠገብ ተቀመጡ። ልጅቷን ስጡኝ አላሉም። ጎረቤቶቹ ወጥተው ብቻችንን ስንቀር፣ ከአጠገቤ ያለውን ባዶ ኩባያ አይተው "ውሃ ባቀብልሽስ፣ ይፈቀዳል?" አሉኝ።

ከዚያ በላይ መያዝ አልቻልኩም። "እማሆይ፣ ያንን ልጅ እርስዎ አልገደሉትም" አልኩ። "ማንም አላጠፋም። ሐኪሙ ያኔውኑ ነግሮኝ ነበር። ያን ቀን ሲጠይቁኝ እያወቅኩ ነው ዝም ያልኩት።"

"ያኔውኑ?" አሉ።

"ያኔውኑ።"

ነጠላቸውን ወደ አፋቸው ወሰዱ። "የንስሐ አባቴም እንዲሁ ነበር ያሉኝ" አሉ። "ነፍስ አጥፍቻለሁ ብዬ ብናዘዝ፣ 'ማር ሰጠሽ እንጂ መቼ ገደልሽ' አሉኝ። እናቲቱን ብጠይቃት ዝም አለች ስላቸው ግን እሳቸውም ዝም አሉ። ቀኖና ስጡኝ ብዬ ያዝኳቸው። በቀን አርባ አንድ ስግደት ነው። የሦስት ዓመት።"

"ይተዉታ አሁን! እማሆይ፣ እባክዎን ይተዉት!"

"ከጀመሩት ወዲያ አይተውም ልጀ። ለሌላው ኃጢአቴ ይሆነኛል፤ እሱ መች ይጠፋል" ብለው ፈገግ አሉ።

ከአልጋው ወርጄ ልጅቷን አንስቼ ወደ እሳቸው ሄድኩ፤ ይቅርታውን በምን ቃል እንደምጀምረው ገና እያሰብኩ ነበር። ጭናቸው ላይ ላስቀምጣት ስል እጃቸውን ዘርግተው አቆሙኝ።

"ይቅርታ ልጀ፣ በዚህኛው ጉልበቴ አይሁን፤ ከስግደቱ ወዲህ አልታጠፍ ብሎኛል። በዚያኛው አርጊልኝ" አሉኝ።

ልጅቷን ወደዚያኛው አዛወርኳት።